ቁጠር፣ አንዱዓለም

«ቁጠር!» አሉ አባባ ባየልኝ።

አንዱዓለም ከኒሙ ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ ትከሻው ከቦታው ወጥቶ ክንዱ የሌላ ሰው ይመስል ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሰርካለም ከኋላው ቆማ ግራ ትከሻውን ይዛለች። አያቷ ባየልኝ ወጌሻ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያዥ ናት። ሥራዋ በሽተኛው ድንገት እንዳይነሳ መያዝ፣ ከጮኸም አይዞህ ማለት ነው።

«አንዱዓለም ያረጋል» አለ ልጁ። «ያረጋል እንግዳው። እንግዳው ደሴ…»

«ደሴ ማን?»

«እሱን እንኳ አላው…»

ቋ! አባባ ባየልኝ እጃቸውን አነሱ። ትከሻው ቤቱ ገብቷል።

ይህን ዘዴያቸውን መተማ ዮሐንስ ውስጥ የማያውቅ የለም። አጥንቱ የወለቀበት ሰው ሲመጣ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩታል። ሰው የቅድመ አያቱን አባት ስም ሲፈልግ ሐሳቡ ከሕመሙ ይርቃል፣ ጡንቻው ይላላል፤ ያኔ እሳቸው ሥራቸውን ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ አራተኛው ወይም አምስተኛው ስም ላይ ነገሩ ያልቃል። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የመጣ አንድ ጎልማሳ ግን አጥንቱ ከገባ በኋላም አላቆም ብሎ እስከ አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሮላቸዋል። አንዱዓለም አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞቱበት የሚያውቀው ሦስት ስም ብቻ ነው። ለሱ ሲሆን አባባ ባየልኝ መፍጠን አለባቸው።

ያሳደገው የአባቱ ወንድም ውባንተ አጥሩ ጥግ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ስንት ቀን ይረፍ ይላሉ አባባ?»

«ሦስት ሳምንት። ማጭድ አይያዝ፣ ነዶ አይሸከም።»

«ሦስት ሳምንት!» ውባንተ ኮፍያውን ጭንቅላቱ ላይ መልሶ ደፋው። «ሰሊጥ እኮ አይጠብቅም። አፉን ከከፈተ ረገፈ ማለት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሠራተኛው እንደ ድሮው አልመጣም።» ከዚያ የልጁን የታሰረ ክንድ አየና ድምፁ ወረደ። «ይሁን። ከሰሊጡ ልጁ ይሻለኛል። ና ተነስ፣ ውሃ ጠጣ።»

ውባንተ ውሃ ሊቀዳለት ወደ በርሜሉ ዞር ሲል አንዱዓለም ሰርካለምን አያትና በአንድ ዓይኑ ጠቀሳት።

ሰርካለም እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስታስብ የዋለችው ያንን ጥቅሻ ነበር። ከአህያ ላይ ወደቅሁ ብሏል፤ ሱሪው ላይ ግን አቧራ የለም። ደግሞም ይህ ትከሻ መጀመሪያ የወለቀው አምና በአጨዳው ወቅት ነው፤ ቀጥሎ ሐምሌ ላይ፣ አረም ሲደርስ፤ አሁን ደግሞ መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል። ጥር ላይ ወልቆ አያውቅም። ትከሻው የእርሻ ወቅት ይከታተላል ማለት ነው?

ከሳምንት በኋላ የሳይንስ መምህርቷ ዘሊካ በፌስታል ጠቅልላ ከልኳንዳ ያመጣችውን የበግ እግር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የስምንተኛ «ለ» ተማሪዎች ግማሾቹ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ግማሾቹ ወደ ፊት ተጋፉ።

«ይሄ ጉልበቱ ነው» አለች። አጠፈችው፣ ዘረጋችው። «እንደ በር ማጠፊያ ወደ አንድ በኩል ብቻ ይሄዳል። የእናንተም ክርን እንዲሁ ነው። ወደ ኋላ ታጠፍ ብትሉት እሺ አይልም። ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ አያችሁት? ልም አጥንት ይባላል። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያደርገው እሱ ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ እንቁላል ነጭ የመሰለ ፈሳሽ አለ፤ የራሳችን ዘይት በሉት።»

ቀጥላ ዳሌውን አሳየቻቸው። የጭኑ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው፤ ጥልቅ ጎድጓድ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። በጉ ትከሻውን ለሌላ ገበያተኛ ሸጧል ብላ ካሳቀቻቸው በኋላ ከቦርሳዋ አንድ ሎሚ፣ አንድ ስኒና አንድ የስኒ ማስቀመጫ አወጣች።

«ዳሌ ማለት ይሄ ነው።» ሎሚውን ስኒው ውስጥ ከተተችው። «ትከሻ ደግሞ ይሄ።» ሎሚውን ማስቀመጫው ላይ አኖረችው፤ ወዲያው ሊንከባለል ሲል በጣቷ ያዘችው። «ትከሻም ኳስ ነው፤ ጎድጓዱ ግን እንዲህ ገባ ያለ ብቻ ነው። ክንዳችን ወደ ፈለግንበት የሚዞረውም ለዚህ ነው፤ ከሁሉ በቀላሉ የሚወልቀውም ለዚህ ነው። ሎሚው እንዳይወድቅ የያዘችው ጣቴ እናንተ ዘንድ ጅማትና ጡንቻ ናት።»

ሰርካለም እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ደጋግሞ የሚወልቅ ከሆነስ?»

«የሱሪ ላስቲክ ታውቃላችሁ አይደል? አንዴ ከላላ ይመለሳል?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ጅማትም ደጋግሞ ከተለጠጠ እንደዚያ ነው። በኋላ ትከሻው ሳይጠሩት ይወጣል። ሸሚዝ ሲለብሱ፣ ተኝተው ሲገላበጡ። የአጥንቱም ጠርዝ ይጎዳል።»

ሰርካለም ወደ ኋላ ዞር አለች። ሌላው ሲስቅ አንዱዓለም ብቻ አቀርቅሮ ይጽፋል፣ በቀኝ እጁ። ክንዱ የታሰረበት ጨርቅ ከደብተሮቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጠዋት ከሰፈር ሲወጣ ይፈታዋል፤ ማታ ከመግባቱ በፊት ያስረዋል።

ሲለቀቁ ሁለቱ ጉምሩክ ለመግባት በተሰለፉት የጭነት መኪኖች ጥላ ጥላውን ይዘው ሄዱ።

«ራስህ ነህ የምታወልቀው» አለች ሰርካለም።

«ምኑን?»

«አንዱዬ።»

አንዱዓለም ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ መደበቁ የሰለቸው ይመስል ፈገግ አለ። «ተማም! ደረስሽበት።» የሱዳን ድንበር ላይ ያደገ ልጅ «ጥሩ ነው» አይልም፣ «ተማም» ነው የሚለው። «አምና ከትራክተሩ ተሳቢ ላይ የወደቅሁት የምር ነው። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ግን አረፍኩ፣ እርሻው ካምፕ ሳልሄድ ቀረሁ፣ አንድም ቀን ከክፍል ሳልቀር ተማርኩ። በኋላ ሳየው ክንዴን ወደ ኋላ አድርጌ ጠምዘዝ ካደረግኩት ይወጣል። ያማል፣ ግን ትንሽ ነው።»

«ስንቴ አውጥተኸዋል?»

«አያትሽ ዘንድ ሁለቴ። ሐምሌ ላይ ለክረምት ማጠናከሪያው፣ አሁን ደግሞ ለመደበኛው ትምህርት።»

«ሌላስ?»

«ቤት ተለማምጃለሁ። አልቆጠርኩም።»

ሰርካለም ቆመች። ሎሚዋ ከማስቀመጫው ላይ ስትንከባለል ታየቻት።

«ቲቸር ያለችውን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።» ፈገግታው ጠፋ። «ስድስተኛ ክፍል እያለን ሰባት ሳምንት ካምፕ ቆይቼ ስመለስ ክፍልፋይ አልፎኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? እስካሁን ክፍልፋይ ሳይ ገጹን እገለብጠዋለሁ። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ነው። አያ ውባንተ ክፉ አይደለም፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ የበላሁት ሁሉ የሱ ነው። እርሻው ላይ ግን ሰው የለውም። ና ሲለኝ እንዴት እምቢ እለዋለሁ? አፌ አይታዘዝልኝም። ትከሻዬ ይታዘዛል።»

«ለአጎትህ ንገረው።»

«አጨዳው እስኪያልቅ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። አፍሽን ዝጊልኝ። በናትሽ ሰርኬ።»

ሰርካለም የልብ ጓደኛዋን አየችው። ባታውቀው ይቀላት ነበር። «እሺ» አለች፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት።

ከእራት በፊት አያቷን ስታስታጥብ ዝም ማለት አልቻለችም።

«አባባ፣ የምር የወለቀና የውሸት የወለቀ ይለያል?»

አባባ ባየልኝ ሳቅ አሉ። «የምር የወለቀበት ሰው የአባቱን ስም ይረሳል። ያ ልጅ አምና ከተሳቢ ወድቆ ሲመጣ አንዱዓለም ማን ብለው፣ ማን እንጃ አለኝ። ሐምሌ ላይ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነበልኝ።»

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ላለመማር የሚዋሽ ልጅ መንደሩ ሙሉ ነው። ለመማር የሚዋሽ ሲገጥመኝ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። አሳዘነኝ። እኔም ፊደል ሳልጨርስ ነው ማረሻ የያዝኩት።»

ሰርካለም ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ከጓዳ ሎሚና የስኒ ማስቀመጫ አመጣች። ዘሊካ እንዳሳየቻት አሳየቻቸው። ስለ ላስቲኩም ነገረቻቸው። ጣቷን ስታነሳ ሎሚው ተንከባሎ ከመደቡ ሥር ገባ። አባባ ባየልኝ ጎንበስ ብለው አነሱት፤ እንደ ሰው አጥንት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። እጃቸው ገና አልደረቀም።

«እያገዝኩት መስሎኝ» አሉ። «እጄ አላበላሸውም። ዝም ያለው አፌ ነው ያበላሸው።»

«እኔም ቃል ሰጥቼዋለሁ አባባ።»

«እንግዲያው ነገ ራሱ እንዲናገር ንገሪው። እምቢ ካለ እኔ እናገራለሁ። አንቺ ጓደኛሽን አታጪም።»

ሰርካለም በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ልትነግረው ወሰነች። ትከሻው ግን እረፍት እስኪደርስ አልጠበቃትም።

«እምቢ ለማለት ራሳችንን ወደ ግራና ቀኝ የምናዞረው በየትኛው መገጣጠሚያ ነው?» ብላ ጠየቀች መምህርት ዘሊካ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ። ማታ አጥንቶት ሳይመጣ አልቀረም፣ አንዱዓለም ከመቀመጫው ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም። ቀኝ እጁን ጣራ ሊነካ እስኪደርስ ዘርግቶ ጣቶቹን አጮኸ።

«ቲቸር! ቲቸር! ቲ…»

እጁ ሳይወርድ ትከሻው ወረደ።

አልጮኸም። አፉን ከፍቶ ወደ ሰርካለም ዞረ፤ ዓይኑ ላይ ያየችውን ፍርሃት ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ዴስኩን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። «አልጠራሁትም» አላት በሹክሹክታ። «ሰርኬ፣ እኔ አልጠራሁትም።»

መምህርት ዘሊካ ባጃጅ አስጠርታ ሁለቱንም አሳፈረቻቸው። ሰርካለም መንገዱን ሙሉ ክንዱን ከሆዱ አስጠግታ ደግፋ ያዘችው። በየጉድጓዱ ፊቱ ሲጨማደድ የሷም ይጨማደድ ነበር።

ባጃጁ አባባ ባየልኝ ግቢ ሲደርስ የውባንተ ትራክተር በሩ ላይ እየተንደቀደቀ ቆሟል። ተሳቢው ላይ የውሃ በርሜል፣ የማሽላ ዱቄትና ማጭድ የታጨቀበት ማዳበሪያ ተጭኗል፤ ስድስት አጫጆች ጫፉ ላይ ተደርድረዋል። ውባንተ ወደ እርሻው ሲወጣ በዚያው ስለ ልጁ ክንድ ሊጠይቅ ጎራ ብሎ ነበር። ባጃጁን ሲያይ ሮጦ መጣ።

«ደግሞ ወለቀ?»

አንዱዓለምን አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። አባባ ባየልኝ በእጃቸው ጀርባ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ቁጠር ልጄ።»

«አንዱዓለም…» ከንፈሩ ደርቋል። «አንዱዓለም…»

«አንዱዓለም ማን?»

ልጁ የአባቱን ስም ፈልጎ አጣው።

አባባ ባየልኝ እጃቸውን ሰበሰቡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ክንዱን ከደረቱ ጋር ማሰር ጀመሩ። «ይሄኛው የኔ አይደለም» አሉ። «ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ውሰደው። ራጅ ይነሳ።»

«እንዴት?» አለ ውባንተ። «ባለፈው ሳምንት እንኳ ዓይኔ እያየ ወዲያው አስገቡት! ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?»

ከውጭ ትራክተሩ ይንደቀደቃል። ሰርካለም አንዱዓለምን አየችው። ልጁ ራሱን ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰ፤ ቀስ ብሎ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። እምቢ፣ እንዳትነግሪው። ያ ቲቸር የጠየቀችው የአንገት መገጣጠሚያ ደህና ይሠራል።

አያቷ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች። ለሳቸው ልትተውላቸው ትችል ነበር፤ ቃሏም አይፈርስ፣ አንዱዓለምም አይቀየማት። ግን ከኋላው ሳይሆን ዓይን ዓይኑን እያየች መናገር ያለባት እሷ መሆኗ ተሰማት።

«ጋሽ ውባንተ» አለች፣ ዓይኗን ከአንዱዓለም ሳታነሳ። «ባለፈው ሳምንት ራሱ ነው ያወለቀው። ሐምሌም ላይ። ካምፕ ሄዶ ትምህርት እንዳያመልጠው። አሁን ግን ጅማቱ ላልቷል፣ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ በራሱ ነው የወጣው። እንደዚህ ከቀጠለ ክንዱ አይረባም። እኔም አውቅ ነበር።»

«እኔም አውቅ ነበር» አሉ አባባ ባየልኝ።

ውባንተ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ። «እና የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ?»

«አያ…» አለ አንዱዓለም። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ እሺ ትለኝ ነበር?»

«አልልህም ነበር» አለ ውባንተ፤ ፊቱን አዙሮም ከግቢው ወጣ። ሰርካለም ትቷቸው የሄደ መሰላት። ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ስታስብ የትራክተሩ መንደቅደቅ ቀጥ አለ። ውባንተ ቁልፉን በእጁ ይዞ ተመለሰ።

«ውረዱ ወንድሞቼ፣ ዛሬ አንወጣም» አለ ወደ አጫጆቹ።

«ሰሊጡስ?» አለ አንዱዓለም።

«ይጠብቃል።»

ሰሊጥ እንደማይጠብቅ ከውባንተ በላይ የሚያውቅ ሰው መተማ ውስጥ የለም። አንዱዓለምም ይህን ስለሚያውቅ ከሕመሙ ይልቅ በዚህ አለቀሰ። አጎቱ አጠገቡ ተቀምጦ ጎንበስ አለና ግራ እጁን ያዘ።

«ይልቅ ቁጠር። ያረጋል፣ በል። አባትህ ነው።»

«ያረጋል» አለ ልጁ። «እንግዳው… ደሴ። ከዚያ አላውቅም።»

«ጓንጉል።»

«ጓንጉል።»

«አለምሰገድ። ይሄኛው ከደጋ መጀመሪያ የወረደው ነው፣ ታሪኩ ረጅም ነው፤ መንገድ ላይ እነግርሃለሁ። እስካሁን አለማስቆጠሬ የኔ ጥፋት ነው።»

አንድ ሚኒባስ አስቁመው ልጁን ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጡት፤ ውባንተም አብሮት ተጠጋግቶ ገባ። አንዱዓለም ሰርካለምን አላያትም። እሷም አልፈረደችበትም፤ በሷም ቢደርስ አታይም ነበር። ሚኒባሱ ሲነሳ ግን በአጎቱ ፊት አልፋ በመስኮቱ ግራ እጁ ብቅ አለች። ጣቶቹን አጮኸ፤ ክፍል ውስጥ መልስ ሲያውቅ እንደሚያደርገው። ከውስጥ የውባንተ ድምፅ ይሰማል፦ «ቢያድግልኝ… በል… ወረታ። ሰባት ሞሉ።»

ሰርካለም መኪናው ከጭነት መኪኖቹ ጀርባ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ተሳቢው ሄዳ ማዳበሪያውን ፈታችና ማጭዶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ትመዝናቸው ጀመር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አባባ ባየልኝ ከኋላዋ።

«ቀለል ያለ ነው የምፈልግ። ቅዳሜ ትምህርት የለም፤ እሑድም የለም።» አንዱን መርጣ አነሳች። «ክፍላችን ሠላሳ ስምንት ነን። ዛሬ ተመልሼ እነግራቸዋለሁ። አሥሩ እንኳ ቢመጡ ደህና ነዶ ይወጣቸዋል።»

«አጭደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

አባባ ባየልኝ ማጭዱን ተቀብለዋት ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከአግዳሚው ሥርም መሳያ ድንጋዩን ሳቡ።

«ማጭድ በክርንና በእጅ አንጓ ነው የሚሠራ» አሉ፣ መሳል እየጀመሩ። «ትከሻሽን አታድክሚው። ሰኞ እጅ ታወጪበታለሽ።»

ሰርካለም ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። ክፍልፋዩን በራሷና በአንዱዓለም ደብተር ላይ ጻፈችው።